ባዶ የቀሩት ገጾች ተቆጥረው ይመለሱልን

ቀን፦ የካቲት 2018 ዓ.ም.

ለ፦ የልጆቻችን ትምህርት ለሚመለከታቸው የከተማ፣ የወረዳ፣ የዞን፣ የክልልና የፌዴራል ኃላፊዎች በሙሉ
ባሉበት

ከ፦ በከሚሴ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ከምንኖር የተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች

ጉዳዩ፦ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የባከነው የልጆቻችን ትምህርት እስከ ዛሬ ስላልተካካሰ እንዲካካስልን፣ ወደፊትም የትምህርት ቤት በር ሲዘጋ ትምህርቱ አብሮ እንዳይዘጋ አሠራር እንዲበጅልን ስለ ማመልከት

ክቡራን ሆይ፣

እኛ አመልካቾች ገበሬው፣ ከብት አርቢው፣ ባጃጅ ነጂው፣ የቀን ሠራተኛው፣ የጉልት ቸርቻሪዋ ነን። ሙስሊምም ክርስቲያንም፣ አፉን በአፋን ኦሮሞ የፈታም በአማርኛ የፈታም በመካከላችን አለ። ከዚህ ወረቀት ግርጌ በእስክሪብቶ ከፈረመው ይልቅ በጣት አሻራው የፈረመው ይበዛል። ስለዚህ የአጻጻፋችን ሥርዓት ቢጓደል በእኛ አለመማር ይታለፍልን። የልጆቻችን አለመማር ግን እንዲታለፍ አንለምንም፤ የመጣነውም ስለዚሁ ነው።

አቤት ማለት እንደ ድፍረት እንደማይቆጠርብን እናምናለን። የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብን መብት ጽፎልናል። በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት ማናቸውም እርምጃ ሲወሰድ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት ይታሰብ ይላል። በአንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት ለጤናና ለትምህርት የሚመድበው ሀብት በየጊዜው እየጨመረ እንዲሄድ ያዛል። እኛ የምንለምነው ከዚህ የወጣ፣ ከዚህም የበለጠ ነገር አይደለም።

1. ስለ አንድ ደብተር

ነገሩን ከሩቅ ከምናወራው በቅርብ ብናሳይ ይሻላል። ከፈራሚዎቹ አንዷ እናት በቤቷ ደጃፍ ትንሽ ሱቅ አላት። የልጇን የ2ኛ ክፍል የአፋን ኦሮሞ ደብተር ሳትጥል አስቀምጣዋለች። የመጨረሻው ትምህርት የተጻፈበት ቀን ዓርብ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። መምህሯ በዚያን ዕለት ያስጻፉት ረጅምና አጭር አናባቢን መለየት ነበር። «ለፈ» መሬት ነው፤ «ላፋ» ለስላሳ ነው፤ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ ሲጻፉ ልዩነታቸው አናባቢው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መጻፉ ብቻ ነው። ልጅቷ ሦስት መስመር ጽፋለች። አራተኛው መስመር ተጀምሮ አላለቀም።

ከዚያ ቀጥለው አሥራ አንድ ገጾች አሉ። በእነርሱ ላይ ግን የልጅቷ እጅ ጽሑፍ የለም። ወረቀት ሲጠፋ እናቲቱ የሱቋን ዱቤ ጽፋባቸዋለች፦ ስኳር፣ ዘይት፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ሳሙና፣ ሳሙና፣ አሁንም ሳሙና። በዚያ ሰሞን ከሁሉ በላይ የሚሸጠው ሳሙና ነበር። የተከፈለው ዱቤ በላዩ መስመር ተሰምሮበታል። ከአሥራ አንዱ ገጽ በኋላ የልጅቷ ጽሑፍ እንደገና ይጀምራል። ቀኑ ጥቅምት 2013 ይላል፤ ክፍሉ 3ኛ ክፍል ይላል፤ ትምህርቱም አንቀጽ አንብቦ ጥያቄ መመለስ ነው። አናባቢው ያልለየለት ልጅ አንቀጽ አንብብ ተባለ።

ይህች ልጅ ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ናት። ሰኔ ላይ ክልላዊ ፈተና ይጠብቃታል። ዛሬም ስትጽፍ መሬቱንና ለስላሳውን ታምታታዋለች። ሪፖርት ካርዷ ላይ ግን በየዓመቱ «ተዛውራለች» የሚል ተጽፏል። የእኛ አቤቱታ ሲጠቃለል ይኸው ነው፦ ልጆቻችን ከክፍል ወደ ክፍል ተዛወሩ፤ ትምህርቱ ግን አብሯቸው አልተዛወረም።

2. በሩ ስለ ተዘጋበት ጊዜ

በመዘጋቱ አንከስም። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአዲስ አበባ መገኘቱ የተነገረው በዚያው ደብተሩ በተቋረጠበት ዓርብ፣ መጋቢት 4 ቀን ነበር። ሰኞ መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በሽታው ምን እንደሆነ ገና ሳይታወቅ፣ ዓለሙ ሁሉ እየታመመ ሳለ፣ የልጅን ሕይወት ማስቀደም ተገቢ ነበር። በሩን የዘጋው መንግሥታችን ብቻም አልነበረም። ከ190 በላይ አገሮች ዘግተዋል፤ በዓለም ላይ 1.6 ቢሊዮን ገደማ ተማሪ ከትምህርት ገበታ ተነሥቷል። በአገራችን ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ዋለ።

የምናመለክተው ስለ ሂሳቡ ነው። በወጣው መርሐ ግብር መሠረት የገጠር ትምህርት ቤቶች ጥቅምት 9፣ እንደ ከሚሴ ያሉ የዞንና የወረዳ ከተሞች ጥቅምት 16፣ አዲስ አበባና የክልል ዋና ከተሞች ጥቅምት 30 ቀን 2013 እንዲከፈቱ ተባለ። ከመጋቢት 7 እስከ ጥቅምት 16 ሲቆጠር 224 ቀን ነው። ክረምቱ በለመድነው ዕረፍት ይቀነስ። የቀረው ሲታይ የ2012 ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ገና ሳይሟሟቅ ተቆርጧል፤ የ2013 መጀመሪያም ተሸርፏል። ሱቅ ያላት እናት አንዲት ኪሎ ስኳር ስትጎድል ታውቃለች። ግማሽ ዓመት ሲጎድል የት እንደገባ የጠየቀ የለም።

3. በአየር የተላከው ትምህርት ስላልደረሰን

በተዘጋው ጊዜ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ በሬዲዮ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በቴሌቪዥን ትምህርት እንደሚሰጥ ሰምተናል። አሳቡ መልካም ነበር። በከተማ ያሉ አንዳንድ ትምህርት ቤቶችም መልመጃውን በቴሌግራም ይልኩ እንደነበር ሰምተናል። እኛ ቤት የደረሰውን ብንናገር ግን እንዲህ ነው።

ሬዲዮ ያለው ቤት ጥቂት ነው። ያለውም ባትሪ ድንጋይ የሚገዛለት ዜና ለመስማት ነው እንጂ ሙሉ ቀን ለማስከፈት አይደለም። አባት ሬዲዮውን ይዞ እርሻ ከወረደ ትምህርቱም አብሮ ይወርዳል። ቴሌቪዥን ያለው ቤት መብራት ሲኖር ያያል። የብዙዎቻችን ሞባይል ባለ ቁልፉ ዓይነት ነው፤ ቴሌግራም አይገባበትም። ኢንተርኔት ያለውም ካርዱን የሚሞላው ለልጁ ትምህርት ሳይሆን ዓረብ አገር ካለች እኅቱ ጋር ለመነጋገር ነበር።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን የቋንቋው ነገር ነው። ዞናችን በአማራ ክልል ውስጥ ያለ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ነው። አብዛኞቹ ልጆቻችን የመጀመሪያ ደረጃን የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ፣ የሚጽፉትም በቁቤ ነው። ይህ በትግል የተገኘ መብት ነው፤ እናመሰግናለን። በየቤታችን ጠርቶ ይያዝ የነበረው ጣቢያ ግን በአማርኛ ነበር። ሌላ ጣቢያ ፈልጎ በአፋን ኦሮሞ ያገኘ ልጅም የሚሰማው ትምህርት እጁ ላይ ካለው መጽሐፍ ጋር አይገጥምለትም። አንድ አባት እንዲህ ብሎ ነበር፦ «ልጄ አንቴናውን ይዞ ጣሪያ ላይ ቆመ፤ ድምፁ ሲጠራ ቋንቋው አልገባውም፤ ቋንቋው ሲገባው ድምፁ ጠፋ።»

መምህራኑን አንወቅስም። አንዳንዶቹ በራሳቸው ገንዘብ ጥያቄ አባዝተው፣ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ በየደጃፉ እያደሉ ሲዞሩ አይተናል። እንዲህ የሚያደርግ መምህር በየቀበሌው ቢኖር ኖሮ ዛሬ አቤት ባላልን። ነገር ግን የልጅ ትምህርት በአንድ መምህር ደግነት ላይ ብቻ ሊንጠለጠል አይገባውም።

4. በሩ ሲከፈት ስለ ሆነው

ሲከፈት በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ተማሪ ብቻ ይቀመጥ፣ ልጆች በፈረቃ ይማሩ ተባለ። ለጤና ትክክል ነው። ለትምህርት ግን ቀደም ሲል አምስት ቀን ይማር የነበረ ልጅ የሚማርበት ቀን ቀነሰ ማለት ነው። ያለፈው ዓመት ትምህርት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይካካስ መባሉን ሰምተናል። የእኛ ልጆች በእነዚያ ሳምንታት የት እንደነበሩ እናስረዳ።

ጥቅምት በቆላው ማሽላ የሚያሸትበት፣ ወፍ የሚጠበቅበት ወር ነው። ልጅ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ ካልወነጨፈ ወፉ ከእኛ ቀድሞ ያጭዳል። በዚያ ዓመት ደግሞ የበረሃ አንበጣ መጣብን። ባቲን፣ የጨፋን ሜዳና የደቡብ ወሎ ጎረቤቶቻችንን ያለበሰውን ያን መንጋ የረሳ የለም። ደወሉ በተደወለበት ሳምንት ልጆቻችን ቆርቆሮ እየደበደቡ፣ ጅራፍ እያጮሁ በማሳው መካከል ይሮጡ ነበር። አንበጣው ሄዶ ወደ ክፍል ሲመለሱ ማካካሻው አልቆ አዲሱ ምዕራፍ ተጀምሯል።

በዚያ ዓመት ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በቀር ተማሪው ሁሉ ያለ ፈተና ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲዛወር ተደርጓል። ልጅን በወረርሽኝ ምክንያት ክፍል ማስደገም ይከብዳልና ውሳኔውን አንቃወምም። ነገር ግን ማዛወር ግማሹ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ ልጁ ምን እንደጎደለው መርምሮ መሙላት ነበር። ይህኛው ግማሽ እኛ ዘንድ አልደረሰም።

5. ቁስሉ ሳይሽር ስለ ተደራረበው

የኮሮናው ጊዜ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ምናልባት በጊዜ ይሞላ ነበር። ነገር ግን ገና ሳይሞላ በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 በዞናችንና በአጎራባቹ ሰሜን ሸዋ ግጭት ተነሣ፤ ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ትምህርት ቆመ። በጥቅምት 2014 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ደረሰ፤ ከተማችን እስከ ሕዳር ማብቂያ በጦርነቱ ሥር ቆየች። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ ክልላችን በሙሉ ያለበትን ሁኔታ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በየአካባቢው በሩ እስከ ዛሬ ያልተከፈተ ትምህርት ቤት አለ። ማን ጥፋተኛ ነው የሚለውን ለመዳኘት አልመጣንም። የምንለው አንድ ነገር ነው፦ በ2012 በር ሲዘጋ ትምህርት እንዳይዘጋ የሚያደርግ አሠራር ተበጅቶ ቢሆን ኖሮ በ2013፣ በ2014 እና በ2016 ይጠቅመን ነበር። ወረርሽኙ ትምህርት ሆኖን ሳለ ሳንማርበት አለፈ።

ውጤቱ በአገር ደረጃም ታይቷል። በ2014 የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ሆነ። ምክንያቱ ወረርሽኙ ብቻ ነው አንልም፤ የፈተናው አሰጣጥም ተለውጧል፣ የትምህርቱ ድክመትም ዱሮ የነበረ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ይታሰብ። በ2014 የተፈተኑት በሩ ሲዘጋ 10ኛ ክፍል ነበሩ፤ የ2015ቶቹ 9ኛ፣ የ2016ቶቹ 8ኛ። በዚያን ጊዜ ፊደል በመቁጠር ላይ የነበሩት ገና ወደዚያ ፈተና አልደረሱም። መሠረቱ ሲጣል ቤቱ የተዘጋባቸው እነርሱ ናቸው፤ እየመጡም ነው።

6. የእኛን ጥፋት ስለ ማመን

ከሳሽ ሆነን ንጹሕ ነን አንልም። በሩ ሲዘጋ ወንዱን ልጅ ከብት ይዞ ጨፋ አወረድነው፤ ሲከፈት ሣሩ ስለጣመን ቶሎ አልመለስነውም። ገበያ ዳር ጫት እንዲሸጥ የላክነው አለ። ሴቷን ልጅ «ትምህርት እስኪከፈት» ብለን ያጨናት አለች፤ ሲከፈት የሰው ሚስት ሆና ተገኘች። በአሥራ ስድስት ዓመቷ በአፋር በረሃ በኩል ወደ ዓረብ አገር የሄደችውን ያስቆምናት የለም፤ የምትልከውን ገንዘብ ግን ተቀብለናል። ይህን የምናምነው እፍረቱን ለመካፈል ነው። ትምህርት ቤት ለልጅ ፊደል ብቻ አይደለም፤ ከወላጁ ችግርም ይጋርደዋል። አጥሩ ሲፈርስ መጀመሪያ የገባነው እኛው ነን።

7. የሚቻል ስለ መሆኑ

«ይህ ሁሉ በየት አቅም?» እንዳይባል ጥቂት እንናገር። በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ 1 ቀን ይህች አገር ከዛሬው በደኸየችበት ዘመን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻን ጀምራለች። ተማሪውና መምህሩ ወደ ገጠር ዘመተ፤ ትምህርቱም በኋላ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ ኦሮምኛም አንዱ ነበር። ከፈራሚዎቻችን መካከል ያሉ አረጋውያን ስማቸውን መጻፍ የተማሩት በዚያ ዘመቻ፣ በማሾ ብርሃን፣ በማታ ነው። በዚያ ሥራ ኢትዮጵያ ከዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝታለች። አያቶችን ማስተማር የቻለች አገር የልጅ ልጆቻቸውን ማስተማር አያቅታትም።

ከውጭም ምሳሌ አለ። ሴራሊዮን እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 በኢቦላ ምክንያት ትምህርት ቤቶቿን ለወራት ዘግታ በሬዲዮ ማስተማርን ተለማመደች፤ ኮሮና ሲመጣ ያንኑ የተለማመደችውን ሳትዘገይ መልሳ ጀመረችው። ኬንያ የወረርሽኙን ዓመት እንዳልተማሩበት ቆጥራ የሚቀጥሉትን የትምህርት ዓመታት አሳጥራና አቀራርባ ለልጆቿ ለማካካስ ደከመች። ቦትስዋና ውስጥ በተዘጋው ጊዜ ለወላጅ በሳምንት አንድ ጊዜ የሂሳብ ጥያቄ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ተላከ፤ ለከፊሎቹ ደግሞ ከመልእክቱ ሌላ አስተማሪ ሃያ ደቂቃ ያህል ስልክ እየደወለ ከልጁ ጋር ይሠራ ነበር። በጥናት ሲታይ መልእክቱ ብቻውን ያን ያህል አልጠቀመም፤ ጥሪው የተጨመረላቸው ግን ተሻሻሉ። ለዚህ ቴሌግራም አያስፈልግም፤ የእኛ ባለ ቁልፍ ስልክ ይበቃል። ሕንድ ውስጥም ልጆችን በክፍላቸው ሳይሆን ማንበብ በደረሱበት ደረጃ መድቦ በቀን አንድ ሁለት ሰዓት ማስተማር ውጤት እንዳመጣ ተመስክሯል። የ8ኛ ክፍል ተማሪ አናባቢ ከጎደለው አናባቢ ይማር፤ ነውርም የለበትም።

8. የምንለምነው

ስለዚህ ከታላቅ ትሕትና ጋር፣ ነገር ግን ሳናፈገፍግ፣ የሚከተሉትን እንለምናለን፦

ሀ. በዞናችን በሚገኙ ትምህርት ቤቶች ከ4ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ልጆች የንባብና የሂሳብ ደረጃቸው በሚማሩበት ቋንቋ በአጭር ምዘና እንዲታይልን። ውጤቱ በወላጅ ስብሰባ ይነገረን። መምህርን ለመቅጣት አይዋል፤ ለመቅጫ ከዋለ እውነቱ አይወጣም።

ለ. ምዘናው ካሳየው ተነሥቶ በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ፣ በሚመጣው ሐምሌና ነሐሴም ስድስት ሳምንት የማካካሻ ትምህርት በደረጃ ተመድቦ እንዲሰጥ። መምህራኑ ይህን ሲሠሩ ክፍያቸው እንዲታሰብላቸው፤ ለዕረፍት የሚመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና 12ኛ ክፍል ጨርሰው ሥራ ያጡ ወጣቶቻችን እንዲያግዙ፣ የሥራ ልምድ ወረቀትም እንዲጻፍላቸው።

ሐ. የዘንድሮ 8ኛ ክፍል ተማሪዎች ክረምት እስኪመጣ አይጠብቁም። ለእነርሱ ማጠናከሪያው ከዚህ ወር ጀምሮ ቅዳሜን ጨምሮ እንዲሰጥልን።

መ. በር በማናቸውም ምክንያት ሲዘጋ፣ በበሽታም በግጭትም በጎርፍም፣ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ የተጻፈ ዕቅድ እንዲኖርና በየትምህርት ቤቱ ሰሌዳ እንዲለጠፍ። በዕቅዱ ውስጥ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም በታወቀ ሰዓት የሚተላለፍ፣ ከልጆቻችን መጽሐፍ ጋር የሚገጥም የሬዲዮ ትምህርት፤ በቀበሌ የሚታደል የታተመ መልመጃ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ መምህሩ ለተማሪው የሚደውልበት የስልክ ካርድ ይያዝልን። መልመጃው የሚታተመው በሩ ከተዘጋ በኋላ ሳይሆን ዛሬ ይሁን።

ሠ. አገባሽ፣ ተሰደድሽ፣ ዕድሜሽ አለፈ ተብላ ልጅ ከምዝገባ እንዳትመለስ። ከብት ይዞ የሚውለውና ከስደት የተመለሰችው የሚማሩበት የማታ ክፍል እንዲከፈት።

ረ. የቆላው የትምህርት ጊዜ ሰሌዳ የማሽላውን ወራት እንዲያውቅ። ጥቅምት ላይ ፈረቃውን ማለዳ ብቻ በማድረግ ልጅ ከሰዓት ማሳ ቢወርድ ማሳውም ትምህርቱም ይተርፋል።

ሰ. ለዚህ አቤቱታ በአንድ ወር ውስጥ የጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን። የሚቻለው የትኛው፣ የማይቻለው የትኛው፣ የማይቻልበትስ ምክንያት ምን እንደሆነ ተለይቶ ይነገረን። «እየተሠራበት ነው» የሚለውን መልስ ስድስት ዓመት ሰምተነዋልና ቀን የተቆረጠለት ይሁን።

9. እኛ የምንሰጠው

ባዶ እጃችንን አልመጣንም። በየቅሬያችን፣ ማለትም በየዕድራችን፣ ተሰብስበን የሚከተለውን ተስማምተናል። ሬዲዮ ያለው ቤት በትምህርቱ ሰዓት ደጃፉን ለጎረቤት ልጆች ይከፍታል፤ ባትሪ ድንጋዩን ቅሬው ይገዛል። የወፍ ጥበቃውን በወንፈል ተራ ገብተን እኛ አዋቂዎቹ እንይዛለን፤ ልጅ በትምህርት ሰዓት ማማ ላይ አይወጣም። ለማካካሻው ክፍል ከጠበበ ዳስ የምንጥልበት እንጨትና ጉልበት አለን። ትምህርቷን ያልጨረሰች ልጅ በዳረ ወላጅ ላይ ቅሬው ይቆማል፤ ይህን ሽማግሌዎቻችን በየመስጊዱና በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ይናገራሉ። ከዚህ ቃላችን ብንጎድል በዚሁ ወረቀት ጠይቁን። እኛም በዚሁ ወረቀት እንጠይቃለን።

ክቡራን ሆይ፣

ሱቅ ያላት እናት ደብተሩን ይዛ ስብሰባችን ላይ በመጣች ጊዜ አንድ ሽማግሌ ገጾቹን አገላብጠው አዩና ጠየቋት፦ «ዱቤው ሁሉ ተከፍሎ የለ? ለምን ታስቀምጪዋለሽ?» እርሷም «የሰዎቹ ተከፍሏል» ብላ ደብተሩን መልሳ ተቀበለች። እኛም ከዚህ በላይ የምንጨምረው የለንም።

አላህ ልባችሁን ያራራልን፣ እግዚአብሔር ሥራችሁን ያቅናላችሁ እያልን ዱዓችንንና ጸሎታችንን እናደርሳለን። መልሱን በትዕግሥት እንጠብቃለን። በአንድ ወር ካልደረሰንም ይህንኑ አቤቱታ ይዘን፣ በሕግና በሰላም፣ ከፍ ወዳለው ደጅ እንደምንሄድ በአክብሮት እንገልጻለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

የተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች
ፊርማና የጣት አሻራ በተያያዘው ዝርዝር

ግልባጭ፦
ለየትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት
ለየቅሬው ሽማግሌዎች
ከሚሴ

አባሪ፦ በተራ ቁጥር 1 የተጠቀሰው የ2ኛ ክፍል ደብተር ፎቶ ኮፒ፣ ከመጋቢት 4 ቀን 2012 እስከ ጥቅምት 2013 ዓ.ም.፣ 13 ገጽ። ዋናው ደብተር ለባለቤቷ ተመልሷል፤ ልጅቷ እያጠናችበት ነው።